ማስተካከያ ይዤ፣ በወልቂጤ በኩል ወደ ቡታጅራ

ቡታጅራ ሩቅ አይደለም። ቁርሱን አዲስ አበባ የበላ ሰው ምሳው እዚያ ይደርስለታል። እኔን ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ በሌላ በኩል ዞሬ ስለሄድኩ፣ ጭቃ ስለያዘኝ፣ ደግሞም መኪና ላይ ከወጣሁ እንቅልፍ ስለማይለቀኝ። ከመንገዱ የትኛውን በውኔ፣ የትኛውን በሕልሜ እንዳየሁት አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለየሁትም። ወደዚያ ሄዳችሁ ለማታውቁ የቀረልኝን ልንገራችሁ። የአገሩ ተወላጆች ስሳሳት ካገኛችሁኝ አርሙኝ፤ የሄድኩትም ስህተት ላርም ነው።

ጊዜው የያኔው ገዢ ግንባር አገር የሚመራባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነበር። አንዲት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ መጻፍ አልነበረም፤ ሌሎች የጻፉትን በጋዜጣው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ የወጣውን ሁሉ በተራ እለጥፋለሁ፣ የፈለገ ያነባል። በኋላ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። ሰው ላይክ እያለ የነካካውን፣ የማኅበራዊ ሚዲያው ማሽን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ያልነካካውን ይቀብረዋል። ስለ መንገድ ሥራ የተጻፈ ሙሉ ገጽ ዘገባ ማንም ሳያየው ይቀራል፤ ስለ ምግብ ማጭበርበር የተጻፈች አንዲት አንቀጽ አገር ታዳርሳለች። የዋና አዘጋጃችን ፊት በዚያ ቁጥር ይፈካና ይጠቁር ጀመር። ስለዚህ ዜና በቀዘቀዘ ቀን የድሮ ጽሑፎቻችንን አገላብጬ ሰው የሚነካካው ነገር እንዳወጣ ታዘዝኩ። ታዝዤ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ሥራውን ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ጽሑፍ አገኘሁ። የተፈጨ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ሲሸጡ አዲስ አበባ ውስጥ ስለተያዙ ሰዎች ነው። ፎቶ የለውም። ማሽኑ ደግሞ ፎቶ የሌለውን አይወድም። ከማኅደራችን ቀይ ቀይ የሚል ነገር ስፈልግ አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ በተሰጣ በርበሬ መሀል ቆማ የምትስቅበት ፎቶ አገኘሁ፤ ስለ ጥሩ ምርት በሌላ ጊዜ የተነሣ ነው። አያይዤ ለጠፍኩት። ጽሑፉ መቼ እንደወጣ አልጠቀስኩም። ሳይመሽ አገር አዳረሰ።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ረሂማ ይባላሉ፤ የቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው ላይ ባለው ስልክ ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛላ እንጂ የተፈጨ በርበሬ ሸጠው እንደማያውቁ ነገሩኝና "ዛላ ውስጥ ሸክላ በየት በኩል ይገባል?" ብለው ጠየቁኝ። ልጥፉን አንሥተን ማስተካከያ አወጣን። ማስተካከያውን አራት ሰው ነካው፤ ሦስቱ የቢሯችን ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ቀን በመላ አገሪቱ የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ለምን እንደሚዘጋ ያኔ የሚነግረን አልነበረም፤ መንግሥት ያን ማሽን ሲፈራው የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ስልክ ይደወላል፣ አዲስ ነገር ግን አይገባም። የነበረው ደግሞ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ መጨረሻ የታየው ነገር እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቡታጅራ ውስጥ በብዙ ስልክ ላይ ደርቀው የቀሩት እትዬ ረሂማ ናቸው፣ በበርበሬያቸው መሀል እየሳቁ።

ሁለተኛ ሲደውሉ አረፋ ደረሰ አሉኝ። የጉራጌ ሙስሊም የትም ይኑር የት ለአረፋ አገሩ ይገባል፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል እንደሚገባው። "ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ያንን ስልኩ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው" አሉ። "እኔ በምን ዓይኔ በር እከፍትለታለሁ?" ስልኩን ዘግቼ ዋና አዘጋጃችን ክፍል ገባሁና እሄዳለሁ አልኩት። ማስተካከያውን በወረቀት አባዝቼ እንድወስድ ፈቀደ። ግን በዚያ ዘመን ገበያ መሀል ወረቀት ማደል ሊያሳስር ስለሚችል መጀመሪያ ወልቂጤ፣ የዞኑ ከተማ፣ ሄጄ የትብብር ደብዳቤ እንዳወጣ መከረኝ። ለዚህ ነው የዞርኩት።

ማክሰኞ

አውቶቡስ ተራ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰበታን አለፍን፣ ቱሉ ቦሎን አለፍን። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ይዟል፤ ድሮ ሚኒባስ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ግን የለም። አውራ ጣቶች ብቻ ወደ ላይ ወደ ታች ይመላለሳሉ። የሚያነቡት አዲስ ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፤ ግን ይገፋሉ፤ ያው ገጽ መልሶ ይመጣል። ዝናቡ፣ የመኪናው ድምፅና የጣቶቹ እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሆነው ሁላችንም በአንድ ሰው እንቅልፍ ውስጥ የምንጓዝ አስመሰሉት።

ወሊሶ ልንደርስ ስንል አጠገቤ የተቀመጠው የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለ። እትዬ ረሂማ ነበሩ። የእኔው አርእስት፣ የእኔው ፎቶ። "የዘንድሮ ሰው ምን ያህል ጨከነ፣ አየሽ?" አለኝ። ይህን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እኮ ማስተካከያው ሞልቷል። አፌ ግን "አዎ" ብሎ መለሰ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ፣ ከዚያ የእውነት ተኛሁ። ስነቃ ሰውዬው ወሊሶ ወርዷል፤ ወንበሩ ላይ የካፖርቱ እርጥበት ብቻ ቀርቷል።

ወልቂጤ ከጠበቅሁት ይሞቃል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለእኛ ነሐሴ ማለት ሁለት ብርድ ልብስ ነው። እዚህ ግን ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ ይተነፍሳል፤ ባጃጆቹ በእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ፌስታሌ ቀዳዳ እንዳለው ከእኔ ቀድማ አይታ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አልጋ ላይ ዘርግታ አደረቀችልኝ። ስትዘረጋቸው ምን እንደሚሉ አነበበች፤ እራት ላይ ያላዘዝኩት አይብ ሳህኔ ላይ ተጨመረ።

ረቡዕ

በዞኑ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን የሚጽፉልኝ አቶ ሀብቴ የሚባሉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ትሑት ሰው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ኮምፒውተር በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ እኛ ቤት ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው። ጉዳዬን ስነግራቸው "ስልተ ቀመሩ ነዋ!" አሉ፣ እኔ ማሽኑ የምለውን በስሙ ጠርተው፣ የሚያውቁት ሰው ስም እንደተነሣባቸው። ሥልጠና ወስደውበታል። ዳታ ሳይዘጋ በፊት ሕዝቡ በስልክ ምን እንደሚል እየተከታተሉ ሪፖርት ይጽፉ ነበር፤ መልካም መልካሙ ዜና ወደ ላይ እንዲወጣ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ልጥፍ እንዲነካ ይደረግ ነበር። ገረመኝ፤ እኛም ቢሮ የምናደርገው ያንኑ ነው። በሁለት በኩል ተቀምጠን አንዱን ማሽን ስናባብል ኖረናል።

አሁን ዳታ ቢዘጋም ሪፖርቱ እንደሚጠየቅ ነገሩኝ። ታዲያ ከየት ያገኙታል? ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ተሳፍረው ከተማውን ይዞራሉ፤ ሾፌሩና ተሳፋሪው የሚሉትን ሰምተው ቢሮ ገብተው ይጽፋሉ። "እውነቴን ልንገርዎት፣ ይሄኛው ይሻላል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባጃጅ ውስጥ የዋሸ ሰው ፊቱ ይታያል።"

ደብዳቤውን የሚፈርሙት ኃላፊ ለቅሶ ስለሄዱ አቶ ሀብቴ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በባጃጅ ይዘውኝ ሄዱ። ኃላፊው ከድንኳኑ ወጥተው በባጃጁ ወንበር ላይ ፈረሙልኝ። አቶ ሀብቴ ሲመቱት ባጃጁ ተንቀሳቀሰና ማኅተሙ ተገልብጦ አረፈ። ሦስታችንም አየነው፤ ኃላፊው ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ። "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተሙ እግሩ ወደ ላይ የሆነ፣ ይዤ ከሰዓት በኋላ ወደ ተራራው የሚሄድ አሮጌ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ከጉብሬ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ ነው። እንሰቱ እየበዛ፣ ጉሙ እየወፈረ ሄደ። ጉም በእኛም አገር አለ፤ የእኛው ጉም ግን ገብስ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል። የዚህኛው እንሰቱ መሀል ገብቶ ቤተኛ ይሆናል። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ከነጩ ውስጥ እየወጡ መስኮቱን ይዳብሳሉ፤ እኔም በመሀል በመሀል እያንቀላፋሁ ነበርና ማን እንደሚዳብሰኝ አላወቅሁም። አረቅጥ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ገፋን። ሚኒባሱ አልወጣም፤ የእኔ ግራ ጫማ ግን ወጣ፤ ከእግሬ። ጭቃው ዋጠውና ተመልሶ አልታየም።

ሾፌሩ እስከ ነገ እንደማንንቀሳቀስ ሲነግረን ከመንገዱ በላይ ያሉ ቤቶች ተሳፋሪውን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያሉ ተካፈሉን። እኔ የደረስኩት እማማ በለጠች ለሚባሉ ባልቴት ነው። እግሬን በሞቀ ውኃ አጥበው፣ አዲስ አበባ የሚኖር ልጃቸው ለመስቀል ሲመጣ የሚያደርገውን ጫማ አምጥተው አለበሱኝ፤ ሁለት እግሬ በአንዱ ይገባል። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን። ቆጮ ለለመደ ነው ይላሉ እንጂ ርቦት በጉም ውስጥ መኪና የገፋ ሰው ወዲያው ይለምዳል።

ሐሙስ

ጠዋት ስወጣ ከቤቱ ፊት ለፊት ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ አየሁ። ጀፎረ ይሉታል። የመንደሩ መንገድ ነው፤ ሣሩ ግን እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሁሉም በራቸውን ወደ እሱ አድርገዋል። የእኛ አገር መንገድ በድንጋይ ካብ መሀል ተሹለክልኮ ያልፋል፤ ማን እንደሄደ ካቡ ብቻ ነው የሚያውቀው። በጀፎረ ላይ ግን የሚመጣውን ሰው ሁሉም ቤት ያየዋል። ጉሙ በላዩ ሲንሸራተት ሰዎች ሙሉ ሳይሆኑ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ድምፃቸው፣ ከዚያ ጥላቸው፣ ከዚያ ራሳቸው። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሄድኩ ለጥቂት ጊዜ ረስቼው ነበር።

ያስታወሱኝ እማማ በለጠች ናቸው። ሥራዬን ሲጠይቁኝ ወሬ ለሰው መላክ ነው አልኳቸው። ለማን እንደምልክ ጠየቁኝ። ለሁሉም፣ ማሽኑ ደግሞ ለየሰው መርጦ ይሰጣል ብዬ አስረዳሁ። አማርኛቸው በጉራጊኛ ዜማ ነው፤ ቀስ ብለው "ጎረቤትሽ የሰማውን አንቺ አትሰሚም?" አሉኝ። አልሰማም፤ ለእሱ የሚታየው ሌላ፣ ለእኔ ሌላ ነው አልኳቸው። ሜዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ እንዳዘኑልኝ ያስታውቁ ነበር፤ ለመንገድ ቆጮ ጠቅልለው ጨመሩልኝ። ጫማውንም ይዘሽው ሂጂ፣ መስቀል ሳይደርስ ትመልሺዋለሽ አሉ።

ሚኒባሱ ከጭቃው ወጥቶልን ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወረድን። ጉሙ በአንድ መታጠፊያ ላይ ቆመና ቀረ፤ ከታች የመስቃን ሜዳ በፀሐይ ተኝቶ ነበር፤ ጋሪዎች ይሄዱበታል። ቡታጅራ የእትዬ ረሂማን ቤት ለማግኘት አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቅሁት። ሰውየው ቤቱን ከማሳየቱ በፊት "ለምን ፈለግሻቸው?" አለኝና ፊቴን አጠና።

እትዬ ረሂማ ከፎቶው ቀጭን ናቸው። ሰላምታዬን "ወአለይኩሙ ሰላም" ብለው ተቀብለው አስገቡኝ። ግቢው ውስጥ በርበሬ የሞላ ጆንያ ተደርድሯል። በዚህ ሰሞን ጭነት ይመላለስበት እንደነበር፣ አሁን ግን የአዲስ አበባ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ስልክ ማንሣት እንደተዉ የነገሩኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ አበሉኝ። እንግዳ ነኝና እስክጨርስ "ይብሉ እንጂ" ይላሉ፣ አንቱ እያሉኝ፤ በእድሜ ልጃቸው እሆናለሁ። አንቱታው ከበርበሬው ይበልጥ አቃጠለኝ።

ከበላሁ በኋላ ወረቀቶቹንና ደብዳቤውን አወጣሁ። ማስተካከያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው መለሱልኝ። ይህን የሚያነበው ያንን ያላነበበው ሰው ነው አሉ። ለጊዜው አልገባኝም። ከዚያ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ፤ እትዬ ረሂማ የጠሯቸው የአገር ዳኛ ናቸው። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ ተቀመጡና በአካባቢው የሰው ስም ያጠፋ ሰው እንዴት እንደሚክስ አስረዱኝ። ወረቀት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም። ቃሉን የተናገረው ሰው፣ ራሱ፣ በተናገረባቸው ሰዎች ፊት ቆሞ ቃሉን ይመልሳል። የጎደለ ሰው ካለ ቤቱ ተሄዶ ይነገረዋል።

"ስለዚህ ልጄ" አሉኝ፣ "ማን ፊት ተናገርሽው?"

"አላውቅም ሐጂ። ማሽኑ ነው ለሰው የሚመርጠው።"

"ማሽኑን ጠይቂው።"

"ቁጥር ብቻ ነው የሚነግረኝ። ማን እንደሆነ አይነግረኝም።"

መቁጠሪያው ቆመ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ የሰማውን ሰው የማያውቅ ተናጋሪ ግን ገጥሟቸው እንደማያውቅ ፊታቸው ላይ አየሁ። "ማን እንደሚሰማሽ ሳታውቂ ነው የሰው ስም ያነሣሽው?" አሉ። እንደ ተግሣጽ አልነበረም፤ የምር ሊገባቸው ፈልገው ነበር። አለቀስኩ። ዋና አዘጋጃችን፣ አቶ ሀብቴ፣ ሥልጠናው፣ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴን።

ከዚያ እትዬ ረሂማ፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ ሆነው፣ "ሐጂ፣ ስልኮቹ ግን ያውቃሉ" አሉ። ዳታ ከተዘጋ ወዲህ ያቺ ፎቶ ባያት ሰው ስልክ ላይ አለች፣ አልጠፋችም። ያየ ሰው ስልኩን ያምጣ።

ዓርብ

ገበያው ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ሐጂ ነስሩ የበርበሬው ተራ ጫፍ ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ፤ እኔን አጠገባቸው አቆሙኝ፣ በእማማ በለጠች ልጅ ጫማ። ይቺ ሴት ቃሏን ልትመልስ ነው የመጣችው፣ የረሂማ ነገር ስልኩ ላይ የደረሰው ሰው ይቅረብ ብለው አስነገሩ። ደብዳቤውን የጠየቀኝ አንድ ፖሊስ ብቻ ነው፤ ማኅተሙን አይቶ ወረቀቱን ገልብጦ፣ መልሶ ገልብጦ ሰጠኝ። ከዚያ ራሱም ስልኩን አወጣ። የመጀመሪያው እሱ ሆነ።

ስልኩን ይሰጡኛል፤ አየዋለሁ፤ "ይህን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ የድሮ ነው፤ ስለ ሌሎች ሰዎች ነው። ፎቶውን ያለ ቦታው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ረሂማ አላጠፉም" እላለሁ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ "ሰምቻለሁ" ይላሉ። ሐጂ አንድ ፍሬ ያንከባልላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ መጣ፤ ባትሪው ሊያልቅ ያለ ስልክ በሩጫ መጣ። አንዷ እናት ስልክ እንደሌላት፣ በጎረቤቷ ስልክ እንዳየች ነግራኝ ጎረቤቷን እጇን ይዛ አመጣች። የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ገበያው ሳሳ፤ እኔም ሐጂ በተነሡበት በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አንቀላፋሁ፣ በእንቅልፌም ስልክ ይሰጡኝ ነበር፤ ስነቃም ይሰጡኝ ነበር።

አንድ ወፈር ያለ ነጋዴ ግን ስልኩን አላቀበለኝም። ያኔ ከዋሸሽ አሁን እውነት እንደምትናገሪ በምን አውቃለሁ አለኝ። ትክክል ነው። ሄጄ ከእትዬ ረሂማ ጆንያ ዛላ ዘገንኩ፤ በፊቱ ሰበርኩት፣ ፍሬውን መዳፌ ላይ አራገፍኩት፣ ሸክላ ካለ አሳየኝ አልኩት። ንፋሱ ብናኙን ፊቴ ላይ መለሰው። ዓይኔ ተቃጠለ፣ አነጠስኩ፣ እንባዬ ወረደ፤ ገበያው ሳቀ፤ ሐጂም እጃቸውን አንሥተው ሰው እንዲያሳልፈኝ አዘዙ። ነጋዴውም ስቆ ስልኩን ሰጠኝ።

ገበያው ሲበተን ሐጂ መቁጠሪያቸውን አሳዩኝ፤ ስልሳ ሦስት። የቀሩትን አላህ ያውቃቸዋል አሉ። እኔ አንዱን አውቀው ነበር፤ ወሊሶ የወረደው ሰውዬ። እትዬ ረሂማ ቀኑን ሙሉ ከጆንያዎቻቸው አጠገብ አልተነሡም፤ ወደ እኔም አላዩም ነበር። አሁን ውኃ በጣሳ ይዘው መጡና "ዓይንሽን ታጠቢ" አሉኝ። አንቺ አሉኝ። ታጠብኩ።

ቅዳሜ

በአጭሩ መንገድ ተመለስኩ። ቡኢ ልንደርስ ስንል የሚኒባሱ ስልኮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ዳታ ተለቀቀ። ከእንቅልፌ ባነንኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱ በራ፣ ከዚያ ወዲያው ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ስልኬን የከፈትኩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ገበያው ላይ ፎቶ ያነሣኝ ሰው ቀድሞኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ማሽኑ ያወጣልኝ ፎቶ የራሴ ነበር። መዳፌ ላይ በርበሬ፣ ዓይኔ እንባ፣ አጠገቤ እጃቸውን ያነሡ ሽማግሌ፣ ዙሪያዬን የሚስቅ ሕዝብ። ከላዩ "በርበሬ ከሸክላ ጋር ስትቀላቅል የተያዘችው ሴት ቡታጅራ ገበያ ላይ" ይላል።

አዲስ አበባ ሳልደርስ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች፤ ጎረቤት አሳይቷት ነው። በርበሬ ንግድ መቼ ገባሽ፣ ደግሞ ያ የወንድ ጫማ የማን ነው አለችኝ። ቢሮ ስገባ ዋና አዘጋጃችን ማስተካከያ እናውጣ አለ። አራት ሰው ይነካዋል አልኩት፤ ሳቅን፣ ከዚያ ሳቁ ከፊታችን ጠፋ። ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ማሽኑን ማን እንዳየው ጠየቅሁት። ቁጥር ነገረኝ።

በአረፋ ማግስት እትዬ ረሂማ ደወሉ። ከጀርባቸው የሰው ድምፅ፣ የልጆች ጩኸት፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። የአዲስ አበባው ዘመድ በሙሉ ገብቷል፤ በር ከፍተውለታል። "የእኔን የሚያነሣ የለም" አሉኝ። "ያንቺን ነው ይዘው የመጡት።"

ቀጠሉ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ስልክህን አውጣ ይሉታል፤ ሲያወጣ "ይቺን ሴት አውቃታለሁ፤ ቤቴ ገብታለች፤ እንዲህ አይደለችም" ይሉታል። ሐጂ ነስሩም መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

"አንቺ ስንት ሰው ፊት ነበር የቆምሽልኝ?"

"ስልሳ ሦስት" አልኩ።

"እኔ ገና ሠላሳ አንድ ላይ ነኝ" አሉ። "ቆዪ፣ ሌላ እንግዳ እየገባ ነው" ብለው ስልኩን ዘጉት።